እንግሊዝኛ ሲሮጥ አማርኛ ይሄዳል
የአንድ ግስ ዳሰሳ

ስድስተኛ ክፍል ሳለን የእንግሊዝኛ ደብተራችን ገጽ ሁሉ ከመሃሉ በማስመሪያ ተሰምሮ ለሁለት የተከፈለ ነበር። በግራ በኩል የፈረንጁ ቃል፣ በቀኝ በኩል ያማርኛ ፍቺው ይሰፍራል። ‹ኢት› በላ፣ ‹ስሊፕ› ተኛ፣ ‹ራን› ሮጠ። አንድ ቃል በግራ፣ አንድ ቃል በቀኝ። ቋንቋ ማለት እንደ ገበያ ሚዛን ግራና ቀኙ እኩል የሚሆን ነገር ይመስለን ነበር።

አንድ ቀን መምህራችን ጉንፋን ስለያዘው ልጅ የሚያወራ አጭር ንባብ ሰሌዳው ላይ ጽፈው በየተራ ያስተረጉሙን ጀመር። ለእኔ የደረሰኝ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ‹ኖዝ› እና ‹ራን› የሚሉ ቃላት ነበሩበት። ሁለቱም በደብተሬ አሉ። ደረቴን ነፍቼ “አፍንጫው ይሮጣል” አልኩ። ከኋላ ወንበር አንዱ “ወዴት?” አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩ እሳቸውም ስቀው ሲያበቁ፣ “ደብተርህ አልዋሸህም፤ ከብዙዎቹ አንዷን ብቻ ነው የነገረህ” አሉኝ።

ብዙዎቹ ስንት እንደሆኑ ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። 645 ናቸው። ይህ ጽሑፍ ያን ቁጥር ተከትሎ የሚሄድ ዳሰሳ ነው፦ ማን ቆጠረው፣ አንድ ትንሽ ግስ ይህን ሁሉ ትርጉም እንዴት ሊሸከም ቻለ፣ ተመሳሳይ የሚባሉት ቃላትስ በእርግጥ ይመሳሰላሉ ወይ፣ በመጨረሻም ይህ ሁሉ አማርኛ ለምናስብ ሰዎች ምን ይነግረናል? (ከውጭ አገር ታሪክ ጋር የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቆጣሪዎቹ

የእንግሊዝኛን ትንንሽ ግሶች ቆጥረው ከተማረሩት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ጆንሰን ለእኛ አገር አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1735 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ የመለሰበት ነው። በ1759 ደግሞ ‹ራስላስ› የተባለውን የሐበሻ ልዑል ታሪክ ጽፏል። በሁለቱ መካከል ዘጠኝ ዓመት ያህል የፈጀበትን ትልቅ ሥራ፣ በ1755 በሁለት ትልልቅ ቅጽ የወጣውን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። አብረውት የሠሩት ስድስት ጸሐፊዎች ብቻ ነበሩ።

ጆንሰን ከ42 ሺህ በላይ ቃላት ሲፈታ ያስቸገረው ረጅሙና ከባዱ የላቲን ቃል አልነበረም። ያስቸገሩት ልጅ በሁለት ዓመቱ የሚናገራቸው ቃላት ናቸው። ‹ቴክ› የሚለውን ግስ ብቻ በ134 ትርጉም ከፋፍሎታል። በመግቢያው ላይም ‹ጌት›፣ ‹ጊቭ›፣ ‹ጎ›፣ ‹ሜክ›፣ ‹ፑት›፣ ‹ቴክ› እና ‹ራን›ን የመሳሰሉትን ስማቸውን እየጠራ ይከሳቸዋል፤ ከመነሻ ሐሳባቸው እጅግ ርቀው ስለሄዱ ዱካቸውን ይዞ መከተል አስቸጋሪ ነው ይላል።

ከእርሱ መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1857፣ የለንደን የፊሎሎጂ ማኅበር አዲስ መዝገበ ቃላት ይዘጋጅ ብሎ ጥሪ አቀረበ። ዛሬ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የምንለው ሥራ ጅማሬው ይህ ነው። አርታኢው ጄምስ መሪ በግቢው ውስጥ በሠራው የቆርቆሮ ቤት ተቀምጦ፣ በጎ ፈቃደኛ አንባቢዎች ከየአቅጣጫው የሚልኩለትን በሚሊዮን የሚቆጠር ቁራጭ ወረቀት ይለይ ነበር። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አንድ ቃልና ቃሉ የገባበት አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ወጣ። መሪ በ1915 ሲሞት ሥራው አላለቀም ነበር፤ የተጠናቀቀው በ1928 ነው።

በ1989 በ20 ቅጽ በወጣው ሁለተኛ እትም የትርጉም ሻምፒዮኑ ‹ሰት› የሚለው ግስ ነበር፤ ከ430 በላይ ፍቺ ነበረው። ከ2000 ጀምሮ ግን መዝገበ ቃላቱ በኢንተርኔት እንደ አዲስ መከለስ ጀመረ፤ ሩጫውም ያኔ ተጋጋለ። መጀመሪያ ‹ሜክ› ‹ሰት›ን አለፈው፤ ቀጥሎ ‹ፑት› መሪነቱን ያዘ፤ በ2011 ግን ‹ራን› ሁሉንም ጥሎ ወጣ። ፒተር ጊሊቨር የተባለው አርታኢ በዚህ በአንድ ግስ ላይ ዘጠኝ ወር ሠራ። እናት ልጅ ፀንሳ በምትወልድበት ጊዜ አንድ ግስ ፈታ ማለት ነው። ውጤቱም 645 ትርጉም ሆነ፤ ያውም የግሱ ብቻ፣ ስሙ ሳይቆጠር።

እግርና ውሃ

የስድስተኛ ክፍሉ ስሕተቴ ሥር እዚህ አለ። እኔ ‹ራን› ሲባል የሚታየኝ እግር ነበር። አፍንጫ ‹ራን› ሲያደርግ ከእግር ተወስዶ ለአፍንጫ የተሰጠ፣ በምሳሌ የመጣ አነጋገር መሰለኝ። የቃሉ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ‹ራን› ከጥንታዊው እንግሊዝኛና ከሰሜን አውሮፓ ቋንቋ የተወረሰ ሲሆን፣ ከጥንት ጀምሮ በፍጥነት መሄድንም መፍሰስንም በአንድነት ይይዝ ነበር። የጀርመንኛ ዘመዶቹ እስከ ዛሬ ተለያይተው ይኖራሉ፤ አንዱ ለሯጭ፣ አንዱ ለሚንጠባጠብ ውሃ። በእንግሊዝኛ ግን ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ቀሩ።

ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ወንዝ ‹ራን› ሲያደርግ፣ ቧንቧ ሲከፈት፣ አፍንጫ ሲፈስ፣ የታጠበ ልብስ ቀለም ሲለቅ፣ ዕንባ ኩሏን ሲያወርደው፣ ያው እንቅስቃሴ ነው፤ ያልተገታ ነገር መንገዱን ይዞ መሄዱ። በእኛ ግን ሮጠ ከግእዙ ‹ሮጸ› የመጣ፣ በዋነኛነት እግር ያለው ፍጡር የሚያደርገው ነገር ነው። ውሃ ይፈሳል፣ ቀለም ይለቃል፣ ኩል ይወርዳል። እነርሱ በአንድ ግስ የሚከፍቱትን በር እኛ በሦስት ቁልፍ እንከፍታለን።

ቤተሰቡን በየወገኑ

645ቱን አንድ በአንድ መዘርዘር የዘጠኝ ወር ሥራ ነው፤ በወገን በወገን ከተያዙ ግን ጥቂት ቤተሰብ ይሆናሉ። እግርንና ውሃን አየን። ሦስተኛው የመዘርጋት ቤተሰብ ነው። በእንግሊዝኛ መንገድ ከከተማ ከተማ ‹ራን› ያደርጋል፣ አጥር በወንዙ ዳር ‹ራን› ያደርጋል፣ ቴአትር ለሦስት ወር፣ የቤት ኪራይ ውል ለሁለት ዓመት ‹ራን› ያደርጋል። ከነዚህ አንዱም ከቦታው አልተነቃነቀም። የሚሮጠው ዓይናችን ነው፤ ወይም ጊዜው።

ይህ የእንግሊዝኛ ጉድ ነው ብሎ ለሚገረም ሰው አማርኛን እንዲያዳምጥ እመክራለሁ። “መንገዱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ ደሴ ይገባል” ስንል መንገዱን እንደ መንገደኛ ስንቅ አስይዘን ነው የምንሸኘው። ይነሳል፣ ያልፋል፣ ያቋርጣል፣ ይታጠፋል፣ ይገባል፤ ይህም ሁሉ ሆኖ አንድ ስንዝር አልሄደም። ሐሳቡ የጋራ ነው፤ የተለየው የተመረጠው ግስ ነው።

አራተኛው የማሽን ቤተሰብ ነው። የእንፋሎት ሞተርና ባቡር ሲመጡ ይህ አሮጌ ግስ አዲስ ሥራ አገኘ። ባቡሩ፣ ሞተሩ፣ ፋብሪካው፣ ኋላም የኮምፒዩተር ፕሮግራሙ ሁሉ ‹ራን› ያደርጋሉ። አምስተኛው ከዚሁ የተወለደ ነው፤ ማሽን የሚንቀሳቀስ ከሆነ ድርጅትም፣ ሱቅም፣ ቤተሰብም የሚያንቀሳቅሰው ሰው አለ። ስለዚህ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ድርጅት ‹ራን› ያደርጋል።

አማርኛ እዚህ ላይ ያደረገውን ልብ ይበሉ። ድርጅት የሚመራውን ሰው ምን ብለን ጠራነው? ሥራ አስኪያጅ። ሥራው እንዳይቆም የሚያስፈልገውን በጀት ምን አልነው? የሥራ ማስኬጃ። የማይሠራ መኪና አይሄድም፣ የቆመ ሰዓት አይሄድም፤ “ነገሩ እንዴት እየሄደልህ ነው?” እንባባላለን። ኮምፒዩተሩ ወደ አማርኛ ሲመለስም ተርጓሚዎቹ ፕሮግራሙን ‹አሩጥ› አላሉትም፤ ‹አሂድ› ነው ያሉት። እንግሊዝኛ የሮጠበትን አገር አማርኛ በእግሩ ሄዶበታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል በሚል ሕዝብ ቋንቋ ውስጥ ይህ ባያስደንቅም፣ ነጥቡ ግን ቁም ነገር ነው። የ‹ራን› እውነተኛ አቻ በብዙ ቦታ ሮጠ ሳይሆን ሄደ ነው። ደብተራችን ይህን አልነገረንም።

ስድስተኛው የውድድር ቤተሰብ ነው። አሜሪካዊው ፖለቲከኛ ለምርጫ ‹ይሮጣል›፤ እንግሊዛዊው ግን ለዚያው ምርጫ ‹ይቆማል›። አንድ ቋንቋ፣ አንድ ሥራ፣ ሁለት ተቃራኒ ግስ! የእኛው ዕጩ አይሮጥም፣ አይቆምም፤ ይወዳደራል፤ ወይም ይቀርባል። ሥልጣን ፈላጊነቱ ሲበዛበት ግን “ለወንበር ይሯሯጣል” ብለን እናማዋለን። ሩጫው ለእኛ የሚመጣው ከሐሜት ጋር ነው።

የቀረው ትልቁ ቤተሰብ ከትንንሽ ቃላት ጋር የሚጋባው ነው። ‹ራን› ‹አውት›ን ሲያገባ ማለቅ ይሆናል፤ ስኳሩ አለቀ፣ ጊዜው አለቀ። ‹ኢንቱ›ን ሲያገባ ድንገት መገናኘት፤ ‹ኦቨር›ን ሲያገባ በመኪና መግጨት፤ ‹አወይ›ን ሲያገባ መኮብለል፤ ‹አፕ›ን ሲያገባ ዕዳ መቆለል፤ ‹ዳውን›ን ሲያገባ ባትሪው መድከም፣ ሰውን ማንቋሸሽ፣ ቤቱ ማርጀት። ለተማሪ ራስ ምታት የሚሆነው ይህ ወገን ነው፤ ግሱንም ትንሹንም ቃል ለየብቻ አውቆ ጥንዱን አለማወቅ አለና።

ለምን እንግሊዝኛ እንዲህ ሆነ?

ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጠው አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ሊዮናርድ ታልሚ ነው። ቋንቋዎች እንቅስቃሴን ሲገልጹ ሥራውን የሚያከፋፍሉት በሁለት መንገድ ነው ይላል። አንዳንዱ ዋናውን ግስ ለአኳኋኑ ሰጥቶ አቅጣጫውን ለትንሽ ቃል ይተዋል፤ ሌላው ዋናውን ግስ ለአቅጣጫው ይሰጥና አኳኋኑን ከጎኑ ያስጠጋል። እንግሊዝኛ ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ ‹ራን› ብሎ ‹ኢን›፣ ‹አውት›፣ ‹አፕ› ይቀጥልበታል። አማርኛ ከሁለተኛው ነው፤ ሮጦ ገባ፣ ሮጦ ወጣ፣ ሮጦ ወረደ። በአማርኛ ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ገባና ወጣ ነው፤ ሮጦ አጃቢ ነው።

ውጤቱ በሁለቱ መዝገበ ቃላት ላይ ይታያል። በእንግሊዝኛ የአኳኋን ግሱ ከትንንሽ ቃላት ጋር በተጋባ ቁጥር ይወልዳል፤ በአማርኛ የሚወልዱት እነ ገባ፣ ወጣ፣ ሄደ ናቸው። ገባን ብቻ እንይ፦ ቤት ገባ፣ ክረምት ገባ፣ ጎል ገባ፣ ቃል ገባ፣ ጭንቀት ገባው፣ ትምህርቱ ገባው። ይህን ለሚማር ፈረንጅ ‹ገባኝ› ማለት ‹ወደ እኔ ውስጥ መጣ› ሳይሆን ‹ተረዳሁ› መሆኑን ማስረዳት፣ ለእኛ አፍንጫ መሮጡን የማስረዳት ያህል ነው።

ሌላው ምክንያት የአጠቃቀም ብዛት ነው። ጆርጅ ዚፍ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1945 ባወጣው ጥናት፣ አዘውትሮ የሚነገር ቃል ብዙ ትርጉም የመያዝ ዝንባሌ እንዳለው አሳይቷል። ነገሩ ከሠፈር ታታሪ ጎረምሳ ዕጣ ጋር ይመሳሰላል። እምቢ የማይል ልጅ ሁሉም ይልከዋል፤ በተላከ ቁጥርም ሌላ ሥራ ይለምዳል።

ተመሳሳይ ግን አንድ ያልሆኑ

የብዙ ትርጉም ሌላው ገጽታ የብዙ ስም ጉዳይ ነው። አንድ ቃል ብዙ ነገር ሊል እንደሚችል ሁሉ፣ አንዱን ነገር ብዙ ቃል ይለዋል። ሐኪሙ ፒተር ማርክ ሮዤ በ1852 ያሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ጉዳይ ፈር ቀዳጅ ነው፤ ቃላትን በፊደል ተራ ሳይሆን በሐሳብ ዘመድነት አንድ ላይ ሰበሰባቸው። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ደግሞ ከ1965 ጀምረው እስከ 2009 ድረስ ደክመው የኦክስፎርዱን መዝገበ ቃላት በሙሉ በዚሁ መንገድ አደራጁት፤ ማንኛውም ሐሳብ በየዘመኑ በምን ቃል ይነገር እንደነበር ያሳያል።

እንግሊዝኛ በተመሳሳይ ቃላት የበለጸገው ሦስት ጎተራ ስላለው ነው። የመጀመሪያው የራሱ ጀርመናዊ ቅርስ ነው፤ ሁለተኛው ከ1066 የኖርማን ወረራ በኋላ ከፈረንሳይኛ የገባው ነው፤ ሦስተኛው ሊቃውንቱ ከላቲን የቀዱት ነው። ‹ራን› ለማስተዳደር ሲውል የጎጆ ቋንቋ ነው፤ ‹አድሚኒስተር› የቢሮ ቋንቋ ነው፤ በመካከላቸው የቆመው ‹ማኔጅ› ደግሞ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን መጀመሪያ የሚያገለግለው ፈረስ ለመግራት ነበር። ሱቅ የምታስኬድ እናት ሱቋን ‹ራን› ታደርጋለች እንጂ ‹አድሚኒስተር› አታደርግም። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ልብሱ ግን የተለያየ ነው፤ የሥራ ልብስ ለብሶ ሠርግ አይኬድም።

በእግር መሮጥም እንዲሁ ነው። ‹ስፕሪንት› ባጭር ርቀት ያለውን ኃይል ሁሉ አውጥቶ መሮጥ ነው፤ ‹ጆግ› ሶምሶማ ነው፤ ‹ቦልት› ደንብሮ መፈርጠጥ ነው፤ ‹ስከሪ› እንደ አይጥ ኩስ ኩስ ማለት ነው። እዚህ ላይ አማርኛ አንገት አይደፋም። ሮጠ፣ ከነፈ፣ ጋለበ፣ ፈረጠጠ፣ ገሰገሰ፣ ተፈተለከ፣ ሶመሶመ አሉን። ከነርሱ በላይ ‹አለ›ን ይዘን የምንሠራቸው ቱር አለ፣ እብስ አለ፣ ሽው አለ አሉን። ሸሽቶ መሮጥ ሲሆን ደግሞ እግሬ አውጪኝ ይላል፤ ሰውየው የገዛ እግሩን እየለመነ ነው።

ከነዚህ መካከል አንዱን በሌላው ቦታ ለመተካት ይሞክሩ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ሮጦ አሸነፈ፤ ፈርጥጦ አሸነፈ አይባልም። ሌባው ፈረጠጠ፤ ሶመሶመ አይባልም፤ ከሶመሶመማ ይያዛል። በቅሎዋ ደንብራ ፈረጠጠች እንጂ ገሰገሰች አይባልም፤ መገስገስ ዓላማ ይፈልጋል። ፍጹም ተመሳሳይ የሚባሉ ቃላት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ ወንድማማች እንጂ መንትያ አይደሉም።

ሮጠ ራሱም ቢሆን ከእግር ፈቅ ያለበት ቦታ አለው። ሰው ሲሞት ሩጫውን ጨረሰ ይባላል፤ በወጣትነቱ ሲቀጠፍ ሮጦ ያልጠገበ ልጅ ተብሎ ይለቀስለታል። ሁለቱም ሞትን ነው የሚናገሩት፤ ግን የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ለቅሶ ላይ ‹ሮጦ ያልጠገበ› የሚል ሰው ቢገኝ ለቀስተኛው ዞሮ ያየዋል።

645 ወይስ 41?

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ጊሊቨር 645 አለ። የአሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ለኮምፒዩተር ያዘጋጀው ዎርድኔት የተባለ የቃላት ማኅደር ግን ይህንኑ ግስ በ41 ትርጉም ብቻ ያስቀምጠዋል። ከመካከላቸው የተሳሳተ አለ? የለም። ትርጉም እንደ በግ በረት ውስጥ ቆሞ የሚቆጠር ነገር አይደለም። ወንዝ ሲፈስና አፍንጫ ሲፈስ አንድ ትርጉም ነው የሚል አርታኢ ቁጥሩን ያሳንሳል፤ ሁለት ነው የሚል ያበዛዋል። ታሪክ የሚጽፍ መዝገበ ቃላት እያንዳንዷን ልዩነት ከነትውልድ ዓመቷ ይፈልጋታል፤ ለተማሪ የሚዘጋጅ ግን የሚጠቅመውን መርጦ የቀረውን ይተዋል።

እንግሊዛዊው አዳም ኪልጋሪፍ በ1997 ባወጣው ታዋቂ ጽሑፉ ይህን እስከ ጥግ ገፍቶታል። የቃል ትርጉሞች በራሳቸው የቆሙ ነገሮች አይደሉም፤ መሠረቱ ቃሉ በተጨባጭ የተነገረባቸው ዐረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ትርጉም የምንለው እነርሱን ለአንድ ዓላማ ብለን ስንመድባቸው የሚገኝ ክምር ነው ባይ ነው። ከእርሱ በፊት የለንደኑ ምሁር ጆን ፈርዝ ቃልን በሚውልበት ጉባኤ ማወቅ ይገባል ሲል አስተምሮ ነበር። ዛሬ የሚተረጉሙልን ማሽኖች የተሠሩትም በዚሁ መንገድ ነው፤ ቃሉ አጠገብ ምን እንዳለ አይተው ይወስናሉ። የእኛ አባቶች ይህን በአንዲት ተረት ጨርሰውታል፦ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች። ቃልም እንደ ጊደሯ ነው፤ የዋለበትን ይዞ ይመጣል።

መስተዋቱን ስናዞረው

ይህን ሁሉ ስናነብ የእንግሊዝኛን መዝረክረክ አይተን እንዳንኮራ፣ አንድ የራሳችንን ግስ እንይ። በላ። ሰውየው እንጀራ በላ፤ ገንዘብ ያዡ የመንግሥት ገንዘብ በላ፤ ዳኛው ጉቦ በላ፤ ነጋዴው ቃሉን በላ። ገበጣ ወይም ዳማ ሲጫወት አንዱ የሌላውን ጠጠር በላ። ብረቱን ዝገት በላው፤ ጫካውን እሳት በላው፤ መኪናው ነዳጅ ይበላል፤ ስልኩ ካርድ በላብኝ። ልጅቷን ቡዳ በላት። እጄንም በላኝ፤ ማንም ሳይነክሰኝ፣ አከኩት።

የእንግሊዝኛ ደብተሩን በተገላቢጦሽ የሚይዝ ፈረንጅ ‹በላ› አጠገብ ‹ኢት› ብሎ ጽፎ “እጄን በላኝ” ያለውን ሰው ቢሰማ አምቡላንስ ሊጠራ ይችላል። የእኛ ፊደል ደግሞ ጉዱን ያባብሰዋል፤ መጥበቅና መላላትን አያሳይምና። ‹አለ› ተብሎ ሲጻፍ ተናገረ ማለት ይሁን ወይስ በቦታው ይገኛል ማለት፣ ‹ይበላል› ሲጻፍ ራሱ ይመገባል ወይስ ይመገቡታል፣ የሚነግረን ፊደሉ ሳይሆን ዙሪያው ነው።

ይህን የቃል ብዙነት እንደ ሸክም ያላዩት የቅኔ ሊቃውንት ናቸው። ኅብር የሚባለው መንገድ በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም አሳድሮ ሰሙን ለጆሮ፣ ወርቁን ለልብ የሚሰጥ ነው። ሌላው እንዳይምታታ የሚፈራውን እነርሱ ዘርተው አጭደውታል። መዝገበ ቃላት ያዘጋጁልን እነ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደስታ ተክለ ወልድም ያደጉት በዚሁ ትምህርት ቤት ነው። የደስታ ተክለ ወልድ ‹ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት› በ1962 ዓ.ም. ከወጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ለ‹በላ›ም ሆነ ለ‹ሄደ› ጊሊቨር ለ‹ራን› እንዳደረገው ከየዘመኑ ጽሑፍ ምስክር እየጠራ ዘጠኝ ወር የሚቀመጥላቸው ሰው ይገባቸዋል።

ሐኪም ቤት ውስጥ

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ አስተርጓሚ መሃል የሚቀመጥበትን ክፍል ያስብ። በዋሺንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን የከተማው አስተዳደር አገልግሎት ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። በዚያ አካባቢ ልጇን ይዛ ሐኪም ዘንድ የቀረበች እናት በአንድ ቀጠሮ ብቻ ‹ራን›ን አምስት ጊዜ ልትሰማው ትችላለች። ሐኪሙ ልጁ ትኩሳት እንዳለው ሲጠይቅ፤ አፍንጫው ይፈስ እንደሆነ ሲጠይቅ፤ አስም በዘር ያለ እንደሆነ ሲጠይቅ፤ መድኃኒቱ አልቆ እንደሆነ ሲጠይቅ፤ በመጨረሻም የደም ምርመራ እናደርጋለን ሲል። በአምስቱም ውስጥ ያ ግስ አለ፤ በአምስቱም ውስጥ የሚሮጥ ሰው የለም። ጥሩው አስተርጓሚ አለው፣ ይፈሳል፣ በዘር፣ አለቀ፣ እናደርጋለን እያለ ሮጠ የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነሳ ይጨርሳል። እርሱ የሚተረጉመው ግሱን አይደለም፤ ግሱ የተቀመጠበትን ጉባኤ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። የትንንሽ ግሶችን ትርጉም በዝርዝር መሸምደድ ከንቱ ድካም ነው፤ 645ን ማንም አይዘውም፣ እንግሊዞቹም አይዙትም። እነርሱ የሚያውቁት ግሱ ከማን ጋር እንደሚውል ነው። እንግሊዝኛ የምታስተምሩ መምህራን፣ ልጆች የምታስጠኑ እናቶችና አባቶች፣ በደብተሩ ግራ በኩል አንድ ቃል ብቻውን አታስቀምጡ። ከነጎረቤቱ አስቀምጡት፤ አፍንጫ ከነግሱ፣ ሞተር ከነግሱ፣ ድርጅት ከነግሱ። በቀኝ በኩልም አማርኛው እንደሚናገረው ሙሉውን ጻፉ፦ አፍንጫው ይፈሳል፤ ሞተሩ ይሠራል፤ ድርጅቱን ታስኬዳለች። ከመሃል ያለችውን መስመር ግን አትሰርዟት፤ ከእርሷ በግራ አንድ ግስ፣ በቀኝ ሦስት ግስ ሲታይ ነው ልጁ ሁለት ቋንቋ መማሩን የሚያውቀው።